ለመታጠቂያ ሽጉጥ ኮምፔንሴተር አያስፈልግም

አሜሪካ ውስጥ ዘጠኝ ሚሊሜትር ሽጉጥ የገዛ ሰው ገና ከመሸጫው በር ሳይወጣ የሚሰማው ምክር አለ፤ «ኮምፔንሴተር ካላሰርክበት ሽጉጡ ጎደሎ ነው» የሚል። ሻጩ ይለዋል፣ በተኩስ ሜዳ አጠገቡ የቆመው ሰው ይደግምለታል። አምራቾቹም ገበያውን አይተው ከፋብሪካ ገጥመው መሸጥ ጀምረዋል። ሲግ ሳወር ፒ365 ኤክስማክሮ ኮምፕ የተባለውን ሽጉጥ በ2022 አወጣ፤ ስፕሪንግፊልድ አርመሪ ሄልካት ፕሮ ኮምፕን፣ ስሚዝ ኤንድ ዌሰን ደግሞ ካሪ ኮምፕን አስከተሉ። የውድድር ተኳሾች ብቻ ይዘውት የነበረ፣ አፈሙዝን የሚያረጋ ዕቃ ዛሬ ወገቡ ላይ ሽጉጥ ታጥቆ ለሚውል ሰው ሁሉ እንደ ግዴታ እየቀረበ ነው።

ይህ ምክር ለአብዛኛው ሰው የተሳሳተ ነው። ኮምፔንሴተር አይሠራም አላልኩም። ይሠራል፤ በቦታው ሲገኝ ደግሞ እጅግ ግሩም አድርጎ ይሠራል። ሙግቴ ሌላ ነው። ከሱቅ የተገዛ ጥይት የሚተኩስ፣ ሽጉጡን ለራሱና ለቤተሰቡ ደኅንነት የያዘ ሰው ከዚህ ዕቃ የሚያገኘው ጥቅም ጥቂት ነው፤ የሚከፍለው ዋጋ ግን ከባድ ነው። ዋጋ የምለው በመጀመሪያ ደረጃ ሽጉጡ በሚያስፈልግበት ቅጽበት የመሥራቱን እርግጠኝነት ነው፤ ዶላሩ ከዚያ በኋላ ይመጣል።

ነገሩ እኛንም ይመለከተናል። በቨርጂኒያና በሜሪላንድ፣ በቴክሳስና በኮሎራዶ ከወገኖቻችን መካከል በሕግ ፈቃድ ሽጉጥ የያዙ አሉ፤ ሌሊት ሱቅ የሚዘጉ፣ ነዳጅ ማደያ የሚያስተዳድሩ፣ ታክሲ የሚነዱ። ከመካከላቸው ጠመንጃ በሚያውቅ ቤት ያደገ ቢኖርም የአሜሪካ የሽጉጥ መለዋወጫ ገበያ ለሁላችንም አዲስ ነው። በዚህ ገበያ ምክሩን የሚሰጠውና ዕቃውን የሚሸጠው ብዙ ጊዜ አንድ ሰው መሆኑን መዘንጋት አይገባም።

አሠራሩን በደንብ እንየው፤ ክርክሩ ሁሉ ያለው እዚያ ውስጥ ነውና። ምላጩ ሲሳብ ባሩዱ ተቃጥሎ ጋዝ ይሆናል፤ ጋዙም አረሩን በበርሜሉ ውስጥ እየገፋ ያስወጣዋል። አረሩ ወደ ፊት ሲሄድ ሽጉጡ ወደ ኋላ ይረግጣል። የበርሜሉ መስመር ከእጃችን ከፍ ያለ ስለሆነ ርግጫው ቀጥ ብሎ ወደ ኋላ አይመጣም፤ ሽጉጡን በእጅ አንጓ ላይ አዙሮ አፈሙዙን ወደ ላይ ያነሳዋል። ኮምፔንሴተር በበርሜሉ ጫፍ ላይ የሚታሰር፣ ጥቂት ሳንቲሜትር የሚረዝም፣ ከላዩ የተቦረቦረ የብረት ወይም የአሉሚኒየም ቁራጭ ነው። አረሩን ተከትሎ የሚወጣው ጋዝ በቀዳዳዎቹ ወደ ላይ ሲፈናጠር አፈሙዙን ወደ ታች ይጫነዋል። በውስጡ ያለው ግድግዳም በጋዙ ሲመታ በርሜሉን ወደ ፊት ይጎትተዋል።

እንግዲህ ኮምፔንሴተሩ ሥራ የሚጀምረው አረሩ ከበርሜሉ ሲወጣ ነው። ያቺን ጥይት አያስተካክላትም፤ የሳተው ስቷል። ሊረዳ የሚችለው ማነጣጠሪያው ለቀጣዩ ጥይት ቶሎ ወደ ቦታው እንዲመለስ ነው። ለዚህም ሥራ ያለው ጉልበት ጋዝ ብቻ ነው። ጋዙ ጥቂት ከሆነ ዕቃው አፈሙዝ ላይ የተንጠለጠለ ክብደት ከመሆን ብዙም አያልፍም።

በቁጥር ላስቀምጠው። የተለመደው ዘጠኝ ሚሊሜትር ጥይት 124 ግሬን፣ ማለትም 8 ግራም የሚመዝን አረር በሰከንድ 350 ሜትር ገደማ ያስወነጭፋል። ባሩዱ 5 ግሬን ያህል ነው፤ የአንድ ግራም ሲሶ እንኳ አይሞላም። ጋዙ ከአፈሙዙ በሰከንድ 1200 ሜትር ገደማ ይወጣል ብለን ብናሰላ፣ ከጠቅላላው ርግጫ የጋዙ ድርሻ ከመቶ 12 ያህል ይሆናል። የቀረው 88 የአረሩ ነው፤ እሱን ኮምፔንሴተር ፈጽሞ አይነካውም። እርግጥ ዕቃው የሚቀመጠው ከእጅ አንጓ ርቆ ስለሆነ ያቺ ትንሽ ግፊት ከመጠኗ በላይ አፈሙዙን ትይዛለች፤ ይህን አልክድም። መነሻዋ ግን ትንሽ ናት። ደግሞም ብዙ ሰው ለመታጠቂያ የሚመርጠው 147 ግሬን የሚመዝነውንና ከድምፅ ፍጥነት በታች የሚጓዘውን ጥይት ነው። ይህ ጥይት ከቀላሎቹ ያነሰ ባሩድ ስለሚይዝ ለኮምፔንሴተሩ የሚተርፈው ጋዝም ያንሳል። ሻጩ ዕቃውን ሲያወጣ «የምትታጠቀው ምን ዓይነት ጥይት ነው?» ብሎ መጀመሪያ ካልጠየቀ ምክሩ ምክር አይደለም።

ኮምፔንሴተር የመጣው ከዚህ በጣም ከተለየ ችግር ነው። በ1920ዎቹ የአሜሪካ ማሪን መኮንን የነበረው ሪቻርድ ካትስ የፈጠረው ኮምፔንሴተር በ1928ቱ ሞዴል የቶምሰን ጠመንጃ ጫፍ ላይ ተገጠመ። ያ መሣሪያ ጥይቱን ያለማቋረጥ ሲያርከፈክፍ አፈሙዙ ወደ ሰማይ ይሄድ ስለነበር መያዣ አስፈልጎት ነበር። ሽጉጥ ላይ ዕቃው የበሰለው ደግሞ በውድድር ሜዳ ነው። በ1976 በሚዙሪ ግዛት በኮሎምቢያ ከተማ ጄፍ ኩፐር የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት የሆነለት ዓለም አቀፍ የተግባራዊ ተኩስ ማኅበር ከተመሠረተ በኋላ ፍጥነትና ኃይል አብረው መመዘን ጀመሩ። በአሜሪካ ባለው የዚህ ተኩስ ማኅበር ደንብ የአረሩ ክብደት በግሬን፣ ፍጥነቱ በሰከንድ በጫማ ተለክቶ ሁለቱ ይባዛሉ፤ ውጤቱ ለአንድ ሺህ ተካፍሎ 165 ከሞላ ጥይቱ «ሜጀር» ይባላል። ሜጀር የሚተኩስ ሰው የኢላማውን መሃል ሲስት የሚቀነስበት ነጥብ ያነሰ ነው።

በኦፕን ምድብ የሚወዳደሩት ወደዚህ ቁጥር ለመድረስ 38 ሱፐር የተባለውን ወይም እጅግ የተጫነ ዘጠኝ ሚሊሜትር በገዛ እጃቸው ይሞላሉ። ሆን ብለው ቀስ ብሎ የሚቃጠል ባሩድ መርጠው ከተራው ጥይት እጥፍ የሚጠጋ ይጨምሩበታል፤ 9 ወይም 10 ግሬን። ለዚያ ግፊት ታስቦ ባልተሠራ ሽጉጥ ይህን ጥይት መተኮስ አደገኛ ነው። እነሱ ይህን ሁሉ የሚያደርጉት ኮምፔንሴተሩን በጋዝ ለማጥገብ ነው። ከላይ ባሰላነው መንገድ ብናሰላው የጋዙ ድርሻ ከመቶ 19 ገደማ ይደርሳል፤ አረሩ ከአፈሙዙ ሲወጣ ከኋላው ያለው ግፊትም ከተራው ጥይት በእጅጉ ይበልጣል። ሽጉጡ፣ ሞላው፣ ባሩዱና ኮምፔንሴተሩ አንዱ ለሌላው የተሠሩ ናቸው። እንዲህ ያለውን ሽጉጥ በእጁ የያዘ ሰው አፈሙዙ ንቅንቅ ሳይል ጥይቱ ሲዘንብ አይቶ ይደነቃል፤ ሊደነቅም ይገባዋል። ስህተቱ የሚጀምረው ያንን ዕቃ ብቻውን ነቅሎ፣ ጥይቱንና ሞላውን ትቶ፣ የቤት ሽጉጥ ላይ ሲያስረው ነው።

በዚያው የአሜሪካ ማኅበር ውስጥ ካሪ ኦፕቲክስ የሚባል ምድብ አለ። ተወዳዳሪዎቹ በብዛት ዘጠኝ ሚሊሜትር ሽጉጥ ይይዛሉ፣ ቀይ ነጥብ ያለው ማነጣጠሪያ ይጠቀማሉ፤ ኮምፔንሴተር ግን በደንቡ ክልክል ነው። በዚህ ምድብ ያሉ ጥሩ ተኳሾች ቅርብ ኢላማ ላይ በአንድ ጥይትና በሚቀጥለው መካከል የሰከንድ አንድ አምስተኛ እንኳ አይፈጅባቸውም፤ ጥይቶቹም ከመሃል አይወጡም። ኮምፔንሴተር የሌለው ዘጠኝ ሚሊሜትር ሽጉጥ ለመቆጣጠር ይከብዳል የሚለው ሰው እነዚህን ሰዎች ሄዶ ይመልከት። አፈሙዛቸውን የሚይዘው እጃቸው ነው።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ግን አስተማማኝነቱ ነው። በዛሬዎቹ ሽጉጦች በአብዛኛው በርሜሉና ከላዩ የሚንሸራተተው ስላይድ ተቆላልፈው ጥቂት ሚሊሜትር አብረው ወደ ኋላ ይሄዳሉ። ከዚያ በርሜሉ ዝቅ ብሎ ይላቀቃል፤ ስላይዱ ብቻውን ቀጥሎ ባዶውን ቀለህ ይጥላል፤ ሞላው ሲመልሰው ደግሞ ከካዝናው አዲስ ጥይት ይዞ ይዘጋል። መሠረቱን የጣለው ጆን ብራውኒንግ ነው፤ አሠራሩ ከመቶ ዓመት በላይ በጦር ሜዳ ተፈትኗል። ፋብሪካው የስላይዱን ክብደት፣ የበርሜሉን ክብደትና የሞላውን ጥንካሬ አመዛዝኖ ያወጣዋል፤ ደካማም ጠንካራም ጥይት እንዲሠራ መጠባበቂያ ይተውለታል። ኮምፔንሴተር ሲታሰር በርሜሉ ይከብዳል፤ ጋዙም በርሜሉን ወደ ፊት ይጎትተዋል። ሁለቱም ስላይዱን ያዘገያሉ። ፋብሪካው የተወውን መጠባበቂያ የሚበላው ይህ ነው።

ውጤቱ በተኩስ ሜዳ ብዙ ጊዜ ይታያል። ሰውየው አዲሱን ኮምፔንሴተር አስሮ ርካሽ መለማመጃ ጥይት ይሞላል። ሦስት ጥይት በሰላም ይሄዳል፤ በአራተኛው ሽጉጡ ይነክሳል። ስላይዱ መንገድ ላይ ቆሟል፤ ባዶው ቀለህ መውጫው ላይ ተቀርቅሮ አፉን ወደ ላይ ከፍቷል። ተኳሹ በግራ እጁ ይጠርገዋል፣ ስላይዱን ይስባል፣ እንደገና ያነጣጥራል። አምስት ሰከንድ ያህል ይፈጅበታል፤ በሜዳ ላይ ምንም አይደለም። ሌሊት በር ሰብሮ በገባ ሰው ፊት ግን አምስት ሰከንድ አይገኝም። ደግሞ በዚያች ሰዓት ሰው ሽጉጡን በሁለት እጁ አጥብቆ ላይዝ ይችላል። አንዱ እጁ ልጁን ይገፋል፣ ወይም ቆስሏል፣ ወይም ስልክ ይዟል። ላላ ብሎ በተያዘ ሽጉጥ ስላይዱ ራሱ ጉልበት ያጣል። ኮምፔንሴተሩ የበላው መጠባበቂያ የሚያስፈልገው ያን ጊዜ ነው።

«ሞላውን ቀይረው» የሚል መልስ ይሰጡናል። ለምሳሌ 18 ፓውንድ የሚሆነውን የፋብሪካ ሞላ አውጥቶ 15 ወይም 13 ማስገባት። አዎ፣ ቀለሁ መውጣት ይጀምራል። ነገር ግን ስላይዱን መልሶ የሚዘጋውም ያው ሞላ ነው። ሲደክም ሽጉጡ በጥላሸት በቆሸሸ ጊዜ ጥይቱን እስከ መጨረሻው አስገብቶ ለመዝጋት አቅም ያንሰዋል። ኮምፔንሴተሩ ከወለቀ ደግሞ ስላይዱ የሽጉጡን አካል ከመጠን በላይ ይደበድበዋል። ከሁሉም በላይ ሽጉጡ ከአንድ ዓይነት ጥይት ጋር ብቻ ተስማምቶ ይቀራል፤ ጥይት በጠፋበት ወቅት የተገኘውን ገዝቶ መሙላት ያሰጋል። ደህና የሚሠራ ሽጉጥ ይዞ ይህን ሁሉ ጣጣ መግዛት ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው።

የተቃራኒው ወገን ጠንካራ ማስረጃ አንድ ነው፤ «ቀይ ነጥቡ ሲረጋ በዓይኔ አይቻለሁ» ይላሉ። እውነት ነው፣ አይተዋል። ቀላል አረር ያለው ፈጣን ጥይት ከሆነ ልዩነቱ ይታያል። ጥያቄው ያ ልዩነት ከየት ሊገኝ ይችል ነበር የሚለው ነው። ሽጉጡን ከጀርባው ጫፍ ከፍ አድርጎ የያዘ፣ ግራ መዳፉን በባዶው ቦታ ሞልቶ ያጠበቀ፣ አንጓውን ወደ ፊት ቆልፎ የቆመ ሰው የሚቋቋመው ሙሉውን ርግጫ ነው፤ የአረሩንም የጋዙንም። ኮምፔንሴተር የሚሠራው በጋዙ ድርሻ ላይ ብቻ ነው። አያያዙ የተበላሸ ሰው ኮምፔንሴተር ሲያስር ጉድለቱ በጥቂቱ ይሸፈንለታል፤ እሱም ስለተሸፈነለት መማሩን ይተዋል።

ከዚህ የባሰው ደግሞ ብዙ ጀማሪ ኢላማውን የሚስተው በርግጫው ምክንያት አለመሆኑ ነው። የሚስተው ርግጫውን ሲጠብቅ ነው። ይህን ለማየት የሚያስችል ቀላል ፈተና አለ። ባልደረባዎ ካዝናውን ይሙላው፤ በመካከል አንድ ባሩድ የሌለው የውሸት ጥይት እርስዎ ሳያውቁ ያስገባ። ይተኩሱ። ሁለት ጥይት ከወጣ በኋላ «ቀጭ» ይላል፤ ምንም አልፈነዳም። በዚያች ቅጽበት አፈሙዙ በግልጽ ወደ ታች ሲወድቅ ያዩታል። ምንም ርግጫ ሳይኖር እጅዎ ሽጉጡን ገፍቶታል ማለት ነው። ጥይቱን ወደ ኢላማው እግር የሚልከው ይህ ነው፤ የሚሆነውም ባሩዱ ከመቀጣጠሉ በፊት ነው። ኮምፔንሴተር ደግሞ ሥራ የሚጀምረው አረሩ ከወጣ በኋላ ስለሆነ ለዚህ ሕመም መድኃኒት ሊሆን አይችልም። ኮምፔንሴተር የሚታሰርበት ጥሩ ባለ ፊሌቶ በርሜልና ኮምፔንሴተሩ አንድ ላይ ብዙ ጊዜ ከ300 ዶላር በላይ ያወጣሉ። በዚህ ገንዘብ አንድ ሺህ ገደማ የመለማመጃ ጥይት ይገዛል። ሺህ ጥይት፣ በዚህ ፈተና እየታረመ የተተኮሰ፣ ሰውን ይለውጣል።

ከፋብሪካ ተገጥሞ የሚመጣው ይሻላል የሚሉም አሉ። በእርግጥ ይሻላል፤ አምራቹ ሞላውንና ስላይዱን ከኮምፔንሴተሩ ጋር አመዛዝኖታል። እዚህ ላይ ሙግቴ ይለዝባል። ይሁን እንጂ እሱም ያለ ዋጋ አልመጣም። ኤክስማክሮ ኮምፕን ብናይ ስላይዱ ለ3.7 ኢንች በርሜል የሚበቃ ሲሆን በርሜሉ 3.1 ኢንች ነው፤ የጎደለው ርዝመት ለኮምፔንሴተሩ የተሰጠ ነው። በርሜል ሲያጥር አረሩ ፍጥነት ያጣል። የራስ መከላከያ ጥይት ደግሞ አፉ ተከፍቶ እንዲሠራ ፍጥነት ይፈልጋል። ስለዚህ ገዢው ለአፈሙዙ መርጋት ሲል ጥይቱ ከሚሠራው ሥራ ጥቂት አሳልፎ ሰጥቷል። ይህን ዐውቆ ከመረጠ ምርጫው የራሱ ነው። ብዙዎቹ ግን አልተነገራቸውም።

ሌሎችም ነገሮች አሉ። ከቀዳዳው የሚፈናጠረው ጋዝ፣ ጥላሸትና የብረት ፍንጣሪ ወደ ላይ ነው የሚሄደው። ክንድ ተዘርግቶ ሲተኮስ ችግሩ በማነጣጠሪያው መስታወት ላይ ጥላሸት መቀመጡ ነው። ሰው ተጠግቶ ሲያንቅ ሽጉጡ ከጎድን ተጣብቆ ሲተኮስ ግን ያ ሁሉ ወደ ተኳሹ ፊት ይመጣል። የሌሊት ብልጭታው ዓይን ያሳውራል የሚለው ወሬ ግን የተጋነነ ነው፤ ጥሩ የመከላከያ ጥይቶች ብልጭታ የሚቀንስ ባሩድ ስላላቸው በዚህ አልከራከርም። ድምፁ ግን ከጎን ላለ ሰው ይበረታል፤ ጠባብ ክፍል ውስጥ በተለይ።

የሕጉን ነገር ቀለል አድርጎ ማለፍ አይቻልም። በካሊፎርኒያ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 30515 መሠረት ተነቃይ ካዝና ያለው፣ የድምፅ ማፈኛ ወይም የብልጭታ መቀነሻ ሊቀበል የሚችል ፊሌቶ በበርሜሉ ላይ ያለበት ከፊል አውቶማቲክ ሽጉጥ «አሶልት ዌፐን» ተብሎ ይመደባል። በኒው ዮርክ የ2013ቱ ሕግም ፊሌቶ ያለውን በርሜል ለብቻው በቂ መለያ አድርጎታል። በዋሽንግተን ዲሲም እንደዚሁ ነው። በቨርጂኒያ የሚኖር ሰው ፊሌቶ ያለው በርሜል ገዝቶ ፖቶማክ ወንዝን በድልድይ ሲሻገር ከሌላ ሕግ ሥር ይገባል። ገና ዜጋ ያልሆነ ወገን እንዲህ ያለ ክስ ቢገጥመው የሚከተለው ቅጣት ከእስርም ከገንዘብም ያለፈ ሊሆን ይችላል። ለዚህ ሁሉ ምክንያት የሚሆነው አንድ ጣት የማይሞላ ብረት ነው።

ይህን ሁሉ ሰምቶ፣ ለውድድር ወይም ለመዝናኛ፣ ለመታጠቂያ ባልሆነ ሽጉጥ ላይ ላስረው የሚል ሰው ግን መብቱ ነው፤ እንዲያው በዘፈቀደ እንዳያስረው ብቻ እመክራለሁ። ጥይት በሌለበት ክፍል ካዝናውን ያውጣ፣ የጥይት ቤቱ ባዶ መሆኑን በዓይኑም በጣቱም ያረጋግጥ። በአሜሪካ የዘጠኝ ሚሊሜትር በርሜል ፊሌቶ በአብዛኛው ግማሽ ኢንች ውፍረት ያለው፣ በአንድ ኢንች 28 ጥርስ የሆነ ነው። ብዙ የአውሮፓ በርሜሎች ግን 13.5 በ1 ሚሊሜትር ናቸው፤ የሚዞሩትም ወደ ግራ ነው። እነዚህን በግድ ማገናኘት ሁለቱንም ያበላሻል። ኮምፔንሴተሩ በእጅ ብቻ ያለ ትግል እስከ መጨረሻው መግባት አለበት። ቀዳዳዎቹ ልክ ወደ ላይ እስኪሆኑ አስተካክሎ በጎኑ ብሎን ማጥበቅ ነው። ጥቂት ካዘነበለ አፈሙዙ ወደ ጎን ይገፋል።

አሁን ወደ ዋናው አደጋ ልምጣ። አረሩ ውፍረቱ ዘጠኝ ሚሊሜትር ነው፤ የኮምፔንሴተሩ ውስጠኛ ቀዳዳ ከዚያ በጥቂቱ ብቻ ይሰፋል። ፊሌቶው በፀጉር ውፍረት ከተጣመመ አረሩ ግድግዳውን ሊመታ፣ ኮምፔንሴተሩም ተቀዶ ሊወረወር ይችላል። በበርሜሉ ውስጥ የሚያልፍ ቀጥ ያለ የመለኪያ ዘንግ ተገዝቶ አንድም ጥይት ከመተኮሱ በፊት ዘንጉ በቀዳዳው መሃል መውጣቱ ይታይ። በመዳብ ያልተሸፈነ የእርሳስ አረር አይተኮስበት፤ እርሳሱ እየተፋቀ ቀዳዳውን ይዘጋዋል። ተራው ሰማያዊ የብሎን ማጣበቂያ በ150 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ መልቀቅ ይጀምራል፤ ኮምፔንሴተር ደግሞ በፍጥነት ይግላል። ስለዚህ ሮክሴት የተባለውን ሙቀት የሚችል ማጣበቂያ ይመርጣሉ፤ እሱን ለማላቀቅ ውኃ ውስጥ መዘፍዘፍ ያስፈልጋል። ይህም ሌላ ጣጣ ያስከትላል፤ በርሜሉ ከስላይዱ የሚወጣው ወደ ኋላ በመሆኑ ኮምፔንሴተሩ ካልተፈታ በርሜሉ አይወጣም። ሽጉጡን በደንብ ለማጽዳት የፈለገ ሰው በየጊዜው መፍታት፣ ማጣበቂያውን መፋቅ፣ እንደገና አስተካክሎ ማሰር አለበት። የቀድሞው አፎትም አይሠራም፤ ጫፉ የተከፈተ መግዛት ግድ ነው።

ሞላውን ከመቀየሩ በፊት በፋብሪካው ሞላ ይሞክረው። የማይሠራ ከሆነ ብቻ አንድ ደረጃ ዝቅ ያድርግ። ከዚያ የሚጠቀምበትን ጥይት ሁለት መቶ ያህል፣ በሁለት እጅም በአንድ እጅም፣ በቀኝም በግራም ይተኩስ። አንዴ ከነከሰ ቆጠራውን ከዜሮ ይጀምር።

ይህን ሁሉ ጣጣ ለመሸከም ፈቃደኛ የሆነ የውድድር ሰው አከብረዋለሁ፤ ከዕቃው የሚፈልገውን ያውቃል። ሱቁን ዘግቶ ወደ ቤቱ ለሚሄድ ሰው ግን ሻጩ በመደርደሪያው ላይ ያስቀመጠለትን ትቶ ወደ ጥይቱ መደርደሪያ እንዲሻገር እለምነዋለሁ። ፋብሪካው እንዳወጣው ባለው ሽጉጥ ከሰባት ያርድ ርቀት ስድስት ጥይት በሦስት ሰከንድ ውስጥ ወረቀት በምታህል ኢላማ ላይ ማስቀመጥ እስኪችል ድረስ ይለማመድ። ሥራው አድካሚ ነው፣ ብዙ ሳምንታትም ይፈጃል። የቻለ ቀን ኮምፔንሴተር ያስፈልገኝ ይሆን ብሎ ራሱን ይጠይቅ፤ እስከዚያ ድረስ ገንዘቡን ጥይት ይግዛበት።